ፋራሚር ተበላሸ ወይስ ለፊልም ሲባል ተለወጠ?

ለክርክር የቀረበው፦ በቶልኪን ልብ ወለድ «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ፍሮዶና ሳም የጨለማውን ጌታ የሳውሮንን ቀለበት ሊያጠፉ ወደ ግዛቱ ወደ ሞርዶር ይጓዛሉ። መንገድ ላይ የሚይዛቸው የጎንዶር ጦር አዛዥ ፋራሚር ቀለበቱን አልወስድም ብሎ ስንቅ አስይዞ ይሸኛቸዋል። ፒተር ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ሁለተኛው ፊልም ግን እስረኛ አድርጎ ወደ ፈራረሰችው ከተማ ወደ ኦስጊሊያዝ ይነዳቸዋል፤ የሚለቃቸውም እዚያ ነው። ለውጡ ያስፈልግ ነበር?

ቀስተኛው፦ በፍጹም። በመጽሐፉ ፋራሚር ነገሩ ምን እንደሆነ ገና ሳያውቅ «መንገድ ዳር ወድቆ ባገኘው እንኳ አላነሳውም» ይላል። ቆይቶ ሳም ወይን ቀምሶ ሲያወራ ምስጢሩ ያመልጠዋል። ፋራሚር ብድግ ይላል። ሁለቱ ግድግዳ ተደግፈው የሰይፋቸውን እጀታ በዳበሳ ይፈልጋሉ፤ ዋሻው ውስጥ ያለው ወታደር ሁሉ ጸጥ። እሱ ግን ተመልሶ ቁጭ ይልና ቀስ ብሎ ይስቃል። ሳያውቅ የተናገረውን እንደ መሐላ ቆጥሮ ጸናበት! ፊልሙ ይህን ሰው ቀለበቱን ሊቀማ እንደሞከረው ወንድሙ እንደ ቦሮሚር አደረገው።

አርታኢዋ፦ ገጹ ግሩም ነው፤ ስክሪን ላይ ግን ሌላ ችግር ያመጣል። የመጀመሪያው ፊልም ሦስት ሰዓት ያህል ቀለበቱ ሰው እንደሚያጠፋ ሲያሳየን ቆይቷል። አዲስ የመጣ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር «አልፈልግም» ካለ ያ ሁሉ ፍርሃት ይረግባል፤ የፊልሙ ጽሑፍ አዘጋጆችም የሰጡት ምክንያት ይኸው ነው። በዚያ ላይ መጽሐፉ ሁለተኛውን ክፍል የሚዘጋው በግዙፏ ሸረሪት በሼሎብ ሲሆን ፊልሙ እሷን ወደ ሦስተኛው አዛውሯታል። ምሽጉ ሄልምስ ዲፕ ላይ ጦርነቱ ሲጋጋል ፍሮዶና ሳም የራሳቸው መጨረሻ አጡ። ኦስጊሊያዝ የገባው ያንን ለመሙላት ነው።

ቀስተኛው፦ ፍርሃቱ ይረግባል የሚለው አልዋጥልኝ አለ፣ እህቴ። ጠንቋዩ ጋንዳልፍ እምቢ ብሏል፣ የኤልፎቹ እመቤት ጋላድሪኤል እምቢ ብላለች፣ የጉዞ ጓደኛው አራጎርን የፍሮዶን መዳፍ በገዛ እጁ አጥፎ መልሶለታል። ታዲያ ቀለበቱ ቀለለ?

አርታኢዋ፦ ጋንዳልፍ ደንግጦ ያፈገፍጋል፣ ጋላድሪኤል መልኳ ይለዋወጣል፤ ፈተናው በዓይን ይታያል። አራጎርንን ደግሞ በመጀመሪያው ፊልም ከብሪ መንደር ጀምሮ እናውቀዋለን። ፋራሚር ያን ያህል ጊዜ አልተሰጠውም።

ጥቁር ቡና፦ ዋናውን ስህተት ሁለታችሁም ዘለላችሁት። ኦስጊሊያዝ ውስጥ ፍሮዶ ቀለበቱን ይዞ ከሳውሮን አገልጋዮች አንዱ በሆነው ናዝጉል ፊት ለፊት ይቆማል! ታሪኩ በሙሉ የቆመው ሳውሮን ቀለበቱ ወደ ሞርዶር እየገባ መሆኑን ባለማወቁ ላይ ነው። አራጎርን በሞርዶር ጥቁር በር የሚያደርገው ማዘናጋት የሚሠራውም ለዚህ ነው። ናዝጉሉ ያየውን ለጌታው አይነግርም? ፊልሙ መልስ የለውም። መጨረሻ ከተፈለገ የተከለከለው ኩሬ ነበረ፦ መንገድ መሪያቸው ጎለም ውሃው ውስጥ፣ ቀስተኞች አነጣጥረው፣ ሕጉ ሞት። ውጥረቱ እዚያው ነበር፤ ከተማ መቀየር አያስፈልግም።

አርታኢዋ፦ ናዝጉሉን በተመለከተ እስማማለሁ፤ መከላከያ የለኝም። ለፋራሚር ግን በረጅሙ እትም የተጨመረውን ትዕይንት እዩ። የወንድማማቾቹ አባት ዴነቶር ቀለበቱን እንዲያመጣ ቦሮሚርን ሲልክ ፋራሚር «እኔ ልሂድ» ይላል፤ አባቱ ይንቀዋል። ስለዚህ እስረኞቹን የወሰደው ቀለበቱን ተመኝቶ ሳይሆን አባቱ እንዲያየው ፈልጎ ነው። ሲኒማ ቤት የገባው ተመልካች ይህን ስላላየ ሁለተኛ ቦሮሚር መሰለው።

ቀስተኛው፦ ያ ትዕይንት ሲኒማ ቤት ቢታይ ኖሮ ቁጣዬ በግማሽ ይቀንስ ነበር፣ እውነት ነው። ግን የመጽሐፉ ፋራሚርም አባቱ እንዲወደው ይናፍቃል፤ እየናፈቀም ቀለበቱን አይነካም። ሁለቱን አንድ ላይ የተሸከመውን ሰው በየትኛውም እትም አላገኘሁትም።