«የሰው ማዕበል» ያላችሁት የቱን ነው? የባድመ ጦርነት ክርክር

አንጋፋው፦ ትናንት ማታ አንድ የታሪክ ውይይት እየሰማሁ ነበር። ተናጋሪው ከ1990 እስከ 1992 ስለተደረገው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲያወራ «ኢትዮጵያ ያሸነፈችው በሰው ማዕበል ነው፣ ወታደር በወታደር ላይ ወደ ምሽግ እየነዳች፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በረሃ ላይ ተደገመ» ብሎ እብስ። አወያዩም «ልክ ነው» ብሎ ወደ ሌላ ርዕስ ሄደ። ከባድመ እስከ አሰብ በኩሉ ቡሬ ግንባር ሁለት ዓመት ምሽግ ለምሽግ የተፋጠጠ ሠራዊት በሁለት ቃል ተጠቅልሎ አለቀ! ደሜ ፈላ።

ናዝሬት88፦ ደምህ ከመፍላቱ በፊት የጾሮናን ግንባር አስታውስ። መጋቢት 1991። ፊት ለፊት ወደ ምሽግ ተገባ፣ አልተሰበረም። ኤርትራ የውጭ ጋዜጠኞችን ወስዳ የተቃጠለውን ታንክና ሜዳው ላይ የወደቀውን ልጅ ሁሉ አሳየች። እሱ ማዕበል ካልሆነ ስም አውጣለት።

አንጋፋው፦ ጾሮና አልከሸፈም ያለህ ማን ነው? ሰውዬው ያለው ግን «ያሸነፈችው» ነው። ጾሮና ላይ አላሸነፍንማ! ምሽጉ የተሰበረው የካቲት 1991 ባድመ ላይ፣ ከዚያ ግንቦት 1992 በምዕራብ በኩል ነው። እዚያ እንዴት እንደተሰበረ ንገረኝና እንነጋገር።

ናዝሬት88፦ በሰው።

አንጋፋው፦ መድፍ፣ ታንክና አውሮፕላን ለሰልፍ ነበር የመጡት በለኛ።

ሰነድ አገላባጭ፦ ሁለታችሁም አንደኛውን የዓለም ጦርነት እንደ ስድብ ነው የምትጠቀሙበት። የትኛውን ዓመት? እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1916 ፈረንሳይ ውስጥ ሶም ላይ እንግሊዞች በአንድ ቀን ከ57 ሺህ በላይ ሙትና ቁስለኛ አስመዘገቡ፣ ከ19 ሺህ በላይ የሞተ ነው። ሳምንት ሙሉ በመድፍ ደብድበው ጀርመኖች አልቀዋል ብለው ነበር የወጡት። ጀርመኖቹ ግን ጥልቅ ዋሻ ቆፍረው ቁጭ ብለዋል። ድብደባው ሲያቆም ወጥተው መትረየሳቸውን ጠመዱ። በ1918 ግን ጀርመኖች ራሳቸው ጠንካራውን ምሽግ እያለፉ በስሱ በኩል በትናንሽ ቡድን መግባት ጀምረው ነበር። እኔን ብትጠይቁኝ ጾሮና 1916ን ይመስላል። የምዕራብ ኤርትራዋ ከተማ ባሬንቱ ግንቦት 1992 የተያዘችበት መንገድ ደግሞ ወደ 1918 ይጠጋል።

ናዝሬት88፦ ዋው፣ ፕሮፌሰር። ሬሳው ግን የ1918 ነው የ1916 አይልም።

ወዲ ከረን፦ አማርኛ አነባለሁ፣ ልግባ። እኔ ያኔ ምሽጉ ውስጥ ነበርኩ፣ የብሔራዊ አገልግሎት ልጅ። ቆርቆሮ፣ እንጨት፣ ድንጋይ፣ ከላይ አፈር። ከፊታችን ፈንጂ። መትረየሱ እስኪግል ነበር የምንተኩሰው፣ የወደቀው ላይ ሌላ ይመጣል። ማዕበል ያልነው እኛ ነን። ስም የሚያወጣ ያየ ነው።

አንጋፋው፦ ወንድሜ፣ ያየኸውን አልክድህም። ግን ባሬንቱ ግንቦት 10 ስትያዝ የእናንተ ምሽግ የት ሄደ? ለምን አልያዛችሁትም?

ወዲ ከረን፦ ለቀን ወጣን። ስልታዊ ማፈግፈግ ይባላል።

አንጋፋው፦ ከኋላ ሰው ሲገባባችሁ ነዋ! በዚያ ተራራ ሰው አያልፍም ብላችሁ በጥቂት ሰው ያዛችሁት። አልፎ ገባ። ውኃና ጥይት በአህያ እየጫነ። አህያ የሚያስከትል ማዕበል አይቼ አላውቅም።

ናዝሬት88፦ 😂 አህያ ክብር ሆነ ዛሬ።

ባለ ክራንች፦ ልጆች፣ እኔ ባድመ ነበርኩ። እግሬን ያጣሁት እዚያ ነው። በአህያ አትሳቁ። ጀሪካን ጭና እስክትደርስ ዓይናችን መንገድ ላይ ነው የሚቀረው። ኮቾሮ፣ ያ ደረቅ የወታደር ስንቅ፣ ተሰጥቶን ማራሻ ውኃ አጥተን ደረቁን በድንጋይ ሰብረን ቆርጥመናል። ስለ ማዕበል ከጠየቃችሁኝ፣ ስንነሳ መድፉ ከፊታችን ምሽጉን እየመታ ነበር። ታንክም ነበረን። ፈንጂ ላይ ስንደርስ ግን ያ ሁሉ የለም፣ አንተና መሬቱ ናችሁ። ከጎኔ የነበረው ልጅ የፊተኛውን የእግር ዱካ እየረገጠ ነበር የሚሄደው። አንድ እርምጃ ወደ ግራ አዘነበለ።

ሰነድ አገላባጭ፦ ጋሼ፣ እግዜር ያክብርዎ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ለጥቃቱ አስቀድማችሁ ተለማምዳችሁ ነበር?

ባለ ክራንች፦ ወራት ሠልጥነናል። ምሽግ ቆፍረን እየወረርን። ከጎናችን የደርግ ጊዜ ወታደሮችም ነበሩ፣ ተጠርተው የተመለሱ። ምሽግ ምን እንደሆነ ያስተማሩን እነሱ ናቸው። ናቅፋን፣ ያንን የሻዕቢያ ምሽግ፣ ያዩ ናቸዋ።

ደሴ ላይ፦ እሱን ንገሩልን! 83 ላይ «የደርግ ወታደር» ተብለው የተባረሩ ሰዎች ናቸው በ90 «ኑ አገር አድኑ» የተባሉት። ከዚያስ? የትኛው ሐውልት ላይ ነው ስማቸው?

ናዝሬት88፦ ስም? የማን ስም ነው የወጣው? ኤርትራ በ1993 19 ሺህ ተሰውቶብኛል ብላ ቁጥር ተናገረች። እኛ እስከ ዛሬ በስም የተዘረዘረ የለንም። እና «ማዕበል አትበሉን» ይባላል። ማዕበል የሚባለው እኮ ጠብታው ስለማይቆጠር ነው።

አንጋፋው፦ ይሄ ሌላ ጥያቄ ነው፣ እሱ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ። የሙት ዝርዝር አለመውጣቱ ግን ውጊያው እንዴት እንደተካሄደ አይነግርህም።

ናዝሬት88፦ ይነግረኛል። የማይቆጥር አዛዥ አይቆጥብም።

አንጋፋው፦ አባባል ነው ይሄ፣ ማስረጃ አይደለም።

ደሴ ላይ፦ ለምን እንደተዋጋንስ? ሚያዝያ 1994 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። ማዕበል በል ጎርፍ በል፣ ውጤቱ ያው።

ወዲ ከረን፦ ተመስገን፣ አንድ እውነት ተናገርክ።

አንጋፋው፦ ቆይ ቆይ፣ ግማሹን ብቻ አትውሰድ። በ1998 ሌላው፣ የካሣ ጥያቄ የሚያየው ኮሚሽን፣ ግንቦት 1990 ላይ ሕግ ጥሰህ ያጠቃኸው አንተ ነህ ብሎ በኤርትራ ላይ ወስኗል። እሱንም አመስግን።

ወዲ ከረን፦ ለፖለቲከኞቹ ንገር። እኔ ስቀጠር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ደሴ ላይ፦ አየሩንስ ረሳችሁት? የእኛ ተዋጊ ጄት ሱኮይ 27 የእነሱን ሚግ 29 ስትጥል የት ነበራችሁ? በማዕበል ነው የጣለችው?

ወዲ ከረን፦ አብራሪው ማን እንደነበር ትናገራለህ?

ደሴ ላይ፦ መጣ ደግሞ «አብራሪው ሩሲያዊ ነበር» የሚለው ተረት! ማስረጃ ካለህ አምጣ።

ባለ ክራንች፦ አውሮፕላን ከላይ ሲያልፍ የማን እንደሆነ አናውቅም ነበር። ሁላችንም መሬት ላይ ነበር የምንለጠፈው።

ናዝሬት88፦ ጋሼ፣ በአንድ ቃል ይመልሱልኝ። ማዕበል ነበር ወይስ አልነበረም?

ባለ ክራንች፦ አንተ ልጅ፣ የቱ ቀን?

ሰነድ አገላባጭ፦ ከላይ እኮ ይህንኑ ነው ያልኩት።

ናዝሬት88፦ አንተ ያልከው ፈረንሳይ ነው። ያልነካው ግልግል ያውቃል።

አንጋፋው፦ የአውሮፕላኑን ክርክር ሌላ ቦታ ውሰዱት። እዚህ ያለነው ስለ እግረኛ ነው።

ወዲ ከረን፦ አውሮፕላን ለሰልፍ ነበር ወይ ብለህ የጀመርከው አንተ ነህ እኮ።