የዕቅድ ውይይት፦ በ«ኢትዮጵያ» መርከብ ሞተር ክፍል ስላገለገሉ አያት የሚሠራ ዘጋቢ ፊልም (ረቂቅ 2)

ሰብሳቢ፦ ፊልሙ 40 ደቂቃ ነው። ባለታሪኩ የአንዲት የማኅበራችን አባል አያት፣ በባሕር ኃይል ባለሌላ ማዕረግ የሞተር ባለሙያ የነበሩ። ዘመኑ ከ1970 ዓ.ም. የምጽዋ ከበባ አንሥቶ መርከቦቹ ወደ የመን እስከተሻገሩበት እስከ ግንቦት 1983 ይሆናል። ያልተቋጨው አንድ ነገር ነው፤ የጦርነቱን ታሪክ በሙሉ እንተርክ ወይስ በሰውየው ብቻ እንወሰን?

ታሪክ ክፍል፦ በሰውየው፣ እንዲያውም በተረኛነት በቆሙበት ቦታ። ሞተር ክፍል መስኮት የለውም። እዚያ ያለ ሰው የሚያውቀው ከላይ የሚወርደውን የፍጥነት ትእዛዝ፣ ሙቀቱንና የሞተሩን ድምፅ ነው። «ውጊያው እንዴት ነበር?» ብለን ከጠየቅን፣ በኋላ ከሌሎች የሰሙትን ይነግሩናል። «ትእዛዝ ሲመጣ መጀመሪያ እጃችሁ የት ይሄዳል?» ካልን ግን ማንም ያልመዘገበውን እናገኛለን። እሳቸው ያላዩትን ነገር ከሁለት የተለያዩ ምንጮች ካላጣራን አናስገባው።

መርከቧን በተመለከተ፦ በአሜሪካ ባሕር ኃይል «ኦርካ» ተብላ በ1944 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረች የባሕር አውሮፕላኖች ደጋፊ ነበረች፤ ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ። ጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጥታ ማሠልጠኛ ሆነች። የመን ከደረሰች በኋላ በ1993 እ.ኤ.አ. ለቁርጥራጭ ብረት ስለተሸጠች ውስጧን መቅረጽ የለም። የክፍሎቿን ፕላንና የድሮ ፎቶዎቿን የምትፈልጉ ግን «ኢትዮጵያ» ብላችሁ አትድከሙ፤ በአሜሪካ ቤተ መዛግብት የምትገኘው «ኦርካ፣ ኤቪፒ 49» በሚለው ነው። ፕላኑ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ጠረጴዛቸው ላይ ይዘርጋ። በጣታቸው እያሳዩ ሲናገሩ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይመጣል።

የልጅ ልጅ፦ የምጽዋን ውጊያ በተዋናይ ብናሳይስ? ወጣቶቹ ያለዚያ አያዩትም።

ታሪክ ክፍል፦ እኔ አልስማማም። ከሌላ ባሕር የተቀዳ ማዕበልም ሆነ የሌላ መርከብ ምስል አይግባ። በተለይ የባሕር ኃይሉ የሶቪየት ሥሪት ፍሪጌቶች (የጦር መርከቦች)፣ የጎን ቁጥራቸው 1616 እና 1617፣ ፎቶዎቻቸው በየቦታው ስለሚገኙ በስህተት የ«ኢትዮጵያ» ምስል ሆነው ይገባሉ፤ የቀድሞ ባልደረቦች ግን በአንድ እይታ ይለዩዋቸዋል። ከዚያ በኋላ የቀረውን ማን ያምነናል? ምጽዋ የካቲት 1982 በሻዕቢያ እጅ መግባቷን በአንድ መስመር ጽሑፍ እንግለጽና እንለፍ።

ስለ ቀን ደግሞ፦ 8 ብቻ እየደመራችሁ አትለውጡ። ታኅሣሥ 14 ቀን 1970 ዲሴምበር 23 ቀን 1977 ነው፣ ልዩነቱ 7። የካቲት 1 ቀን 1982 ግን ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1990 ነው፣ ልዩነቱ 8። ሰዓትም እንዲሁ። «በ7 ሰዓት ተነሣን» ሲሉ ቀን ነው ሌሊት? የአበሻ አቆጣጠር ነው የመርከብ ተረኛ ሰዓት? እዚያው ይጠየቅ፤ በኋላ በስልክ ሲጠየቅ መልሱ ይለወጣል።

ቀረጻ፦ እሳቸው አዲስ አበባ፣ ባልደረቦቻቸው አሜሪካና አውሮፓ ስለሆኑ ሁሉም ካሜራ በሰከንድ 25 ምስል ይቅረጽ። አዲስ አበባና አውሮፓ መብራቱ 50 ኸርዝ ነው፣ ሻተር (ለአንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ። አሜሪካ 60 ኸርዝ ስለሆነ ያንኑ 25 ይዛችሁ ሻተሩን 1/60 አድርጉት፣ አለበለዚያ ከጀርባ ያለው አምፖል ይርገበገባል፤ በኤዲቲንግም በወጉ አይወጣም። በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሲቀረጽ አንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይወስዳል። ሁለት ካሜራ ለ8 ሰዓት፣ 720 ጊጋባይት። ስለዚህ ለሦስት ሙሉ ቅጂ ባለ 1 ቴራባይት ሦስት ዲስክ ይገዛ፣ ሦስተኛው ከሌሎቹ ተለይቶ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ካርድ የሚጸዳው ሁለት ቅጂ ተከፍቶ ከታየ በኋላ ብቻ ነው።

የአንድ ጊዜ ቃለ መጠይቅ ከ90 ደቂቃ አይለፍ። ሞተር ክፍል የኖረ ሰው ጆሮው ብዙ ጊዜ ይጎዳል፤ የትኛው እንደሚሰማላቸው አስቀድማችሁ ጠይቁና ጠያቂው በዚያ ወገን ይቀመጥ።

ድምፅ፦ ጋቢ! ማይኩን ጋቢ ሥር ከሰካችሁት እንቅስቃሴያቸው ሁሉ ያንኳኳል። ሸሚዙ ላይ፣ ከአገጫቸው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይሰካና ጋቢው ወደ ትከሻ ይመለስ። ከላይ ሁለተኛ ማይክ በዘንግ ይያዝ። የድምፅ መቅጃው በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ይሁን፣ ከፍተኛው ድምፅ በመለኪያው ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል (ማለትም ነጌቲቭ 12)። ፍሪጅ ይነቀል፤ እንዳይረሳ የመኪናው ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ይግባ። ክረምት ላይ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ምንም አይተርፍም። ጠያቂው «እህ፣ እሺ፣ አዎ» ማለቱን ትቶ ጭንቅላቱን ይነቅንቅ፤ ይህ ለእኛ ከሁሉ ይከብዳል፣ ግን ኤዲተሩ ያመሰግናችኋል። ሲጨርሱ የባዶውን ክፍል ድምፅ አንድ ደቂቃ ቅዱ።

ማህደር፦ ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ይደረግ፣ በቲፍ ፋይል፣ ጀርባውም ጭምር፤ ስምና ቀን ያለው እዚያ ነው። ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ አይላቀቅ፣ ቀለሙ መስታወቱ ላይ ይቀራል። እንዳለ፣ ብርሃን ከጎን እየመጣ ይነሣ። በካሴት የተላኩ የድምፅ ደብዳቤዎች ካሉ መጀመሪያ የማጫወቻው ራስ በአልኮል ይጸዳ፤ ድምፁ የታፈነ ከመሰለም የማጫወቻው ራስ አቀማመጥ ነው የሚስተካከለው እንጂ ትሬብል (ቀጭን ድምፅ) አይጨመር። የቪኤችኤስ ቪዲዮ ካሴት የያዛችሁ አሜሪካ ያላችሁ፦ ከአገር ቤት የመጣው በፓል የቪዲዮ ሥርዓት የተቀዳ ስለሆነ የእናንተ ማጫወቻ በትክክል አያሳየውም። የአዲስ ዘመን ጋዜጣን ቅጂ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ሄደን እንይ።

የልጅ ልጅ፦ ተዋናዩን ትቼዋለሁ። ግን ፎቶው ላይ አብረዋቸው የቆሙት ቤተሰቦችስ?

ሰብሳቢ፦ ረቂቅ 3 ላይ ይገባል፦ የሚለዩ ሰዎች ቤተሰብ ካልፈቀደ ፊታቸው ይሸፈናል። የአያታችን የፈቃድ ቅጽ ሦስት ምርጫ ይኖረዋል፦ ለቤተሰብ፣ ለማኅበሩ፣ ለሕዝብ። የሚፈርሙት ከቀረጻው በፊት ሳይሆን የተናገሩትን መልሰው ካዩ በኋላ ነው። ቀረጻ ክፍል፣ የዲስኮቹን ዋጋ ላኩልኝ፤ ፕላኑን የማሳተሙን ነገር ታሪክ ክፍል ይዞታል።