ለፔይሮኒ ሕመም የሚሰጠው መርፌ፦ የሚጠበቀው ጉዳት የቱ ነው፣ የሚያስፈራውስ?

ጥያቄ — የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የ54 ዓመት ሰው ነኝ። ከአንድ ዓመት በላይ ይሆነኛል፣ ብልቴ በሚቆምበት ጊዜ ወደ ላይ ይጎብጣል፤ በላይኛው በኩልም በጣት ሲነካ የሚታወቅ ጠንካራ ጠባሳ አለ፤ የፔይሮኒ ሕመም የሚባለው ይኸው ነው። ሕመሙ አሁን ቆሟል፣ ጉብጠቱም ከዚያ ወዲህ አልጨመረም። ዩሮሎጂስቱ (የሽንት ቧንቧና የብልት ሐኪሙ) 45 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ለክቶ ዛያፍሌክስ የተባለውን መርፌ እንድወስድ መክሮኛል። ይሁን እንጂ የተሰጠኝ ወረቀት የሚጀምረው በጥቁር መስመር በታጠረ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የብልት ስብራት ሊያስከትል እንደሚችል ይናገራል። ባለቤቴም ይህን ካነበበች ወዲህ «ይቅርብህ» እያለችኝ ነው። ጉዳዩ ከዘመድ ጋር የሚማከሩበት ባለመሆኑ እዚህ ለመጠየቅ ተገድጃለሁ፦ ከመርፌው በኋላ የሚጠበቀው ምንድን ነው? ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሮጠውስ የትኛው ምልክት ነው? ለልቤ በየቀኑ ትንሿን አስፒሪን እንደምወስድም ልጨምር።

መልስ — ፋርማሲስት ነኝ

ወንድሜ፣ ባለቤትዎ ያነበቡት እውነት ነው፤ ነገር ግን ከቁጥሩ ጋር መነበብ አለበት። ዛያፍሌክስ ኮላጅኔዝ የተባለ ኢንዛይም ሲሆን፣ ጠባሳው የተሠራበትን ኮላጅን ይበላል። ችግሩ የሚመጣው ደግሞ ከዚሁ ነው፤ ብልት ሲቆም ደሙን ይዞ የሚያቆየው ጠንካራ ሽፋንም በአብዛኛው ኮላጅን በመሆኑ፣ መድኃኒቱ ከጠባሳው አልፎ ይህንን ሽፋን ለጊዜው ሊያሳሳው ይችላል። መድኃኒቱ በ2013 አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሕመም ሲፈቀድ በቀረቡት ጥናቶች፣ ከ1,044 ታካሚዎች መካከል በ5ቱ ላይ የሽፋኑ መቀደድ፣ ማለትም ወረቀትዎ ላይ የብልት ስብራት የተባለው፣ ተረጋግጧል። በሌሎች 9 ሰዎች ላይም ምልክቶቹ ተደራርበው በመታየታቸው መቀደድ አልደረሰም ብሎ መደምደም አልተቻለም። ከባድ የደም መቋጠር የደረሰባቸው 39 ነበሩ።

ቀላሉ ጉዳት ግን የብዙዎች ዕጣ ነው። ከመቶ 65 ያህሉ ደም ቋጥሮባቸዋል፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አብጠዋል፣ ከመቶ 45 ያህሉም ሕመም ተሰምቷቸዋል። ስለዚህ መበለዝና ማበጥ ብቻውን መድኃኒቱ ሥራውን እንደሳተ አያሳይም። የሚያስሮጠው ምልክት ሌላ ነው፦ ብልት ቆሞ ሳለ «ቋ» የሚል ድምፅ ወይም የመቀደድ ስሜት፣ የቆመው በድንገት መውደቅ፣ በፍጥነት እየሰፋ የሚሄድ እብጠትና ብልዘት፣ ለመሽናት መቸገር ወይም ሽንት ውስጥ ደም መታየት። ከእነዚህ አንዱ ቢታይ እስከ ነገ ማለት የለም።

ሁለት ነገር ልጨምር። አልፎ አልፎ ራስን መሳት ወይም ድንገተኛ የወገብ ሕመም ያጋጥማል፤ እምብዛም ባይሆንም ከባድ አለርጂ ሊነሣ ስለሚችል ከመርፌው በኋላ ክሊኒኩ ውስጥ ጥቂት ቆዩ ቢባሉ አይቸኩሉ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ጠባሳው የሽንት ቧንቧውን የነካ ከሆነ መርፌው ጨርሶ አይሰጥም። የእርስዎ በላይኛው በኩል መሆኑ ከዚህ አንጻር መልካም ነው፤ ቢሆንም ሐኪሙን በግልጽ ጠይቀው ያረጋግጡ።

መልስ — ያለፍኩበት

እኔ ሕክምናውን የጨረስኩት ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። በመጀመሪያ በመድኃኒት እንዲቆም ተደርጎ ጉብጠቱ የሚብስበት ቦታ በብዕር ምልክት ይደረግበታል፣ መርፌው የሚሰጠው ግን ከወደቀ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር መርፌው ራሱ ከፈራሁት ቀለለኝ፤ ማግስቱን ግን ብልቴ ከሥር እስከ ጫፉ ቀይ ሥር የተቀባ መስሎ ሳየው ደነገጥኩ። ብልዘቱ ወደ ቆለጥ ከረጢቱም ወርዶ ነበር። ነርሷ በስልክ የጠየቀችኝ ስለ ቀለሙ ሳይሆን ድምፅ ሰምቼ እንደሆነና እንደ ልቤ እሸና እንደሆነ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ቆዳዬ ወደ ቀድሞ መልኩ ተመለሰ።

ሰው የሚዘናጋው ሕመሙ ከተወው በኋላ ይመስለኛል። በአንድ ዙር ሁለት መርፌ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ልዩነት ይሰጣል፤ ከሁለተኛው በኋላ ሕመሙና እብጠቱ ቢጠፋም እንኳ ቢያንስ አራት ሳምንት ከግንኙነት መታቀብ ግድ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሁለት ሳምንት የሚሉ የቆዩ ጽሑፎች አሉና አይመኑባቸው፤ መመሪያው በኋላ ተራዝሟል። ቤት ውስጥ ብልትን በእጅ ማሳሳብም የሕክምናው አካል ነው፤ የሚሠራውም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ብልት ሳይቆም፣ በቀስታ ነው። እልህ ይዞ መጎተት ውጤቱን አያፋጥነውም። ባለቤትዎን ወደ ቀጠሮው ይዘው ቢሄዱና ይህን ሁሉ ከሐኪሙ አፍ ቢሰሙ ይሻላል፤ የአራቱን ሳምንት ነገር እኔና ባለቤቴ የተስማማንበት እንዲያ ነው።

መልስ — ከስቶክሆልም

አውሮፓ ላለን ሰዎች ይህ ምርጫ ተዘግቷል። ዛያፔክስ በሚል ስም ይሸጥ የነበረው ይኸው መድኃኒት በ2020 ከገበያ ወጥቷል፤ ምክንያቱም የንግድ እንጂ የደኅንነት አልነበረም። በሌላ መርፌ የሚታከሙ አሉ፤ ኢንተርፌሮን ብርድ ብርድ የሚልና መገጣጠሚያ የሚቆረጥም ጉንፋን መሰል ስሜት ያመጣል፣ ቬራፓሚል ደግሞ መበለዝ፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ። ኮላጅኔዙ ስብራት ያስከትላል ተብሎ ወደነዚህ ከመዞር በፊት ግን የሁሉንም ጥቅም ማነጻጸር ይገባል፤ የኮላጅኔዙን ያህል ሰፊ ጥናት የተደረገለት መርፌ የለም።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአስፒሪኑ ነገር ግን አልተመለሰልኝም። ደግሞስ ይህን ሁሉ ችዬ ምን ያህል ይቃናልኛል?

መልስ — ፋርማሲስት ነኝ

በቀን እስከ 150 ሚሊግራም የሚደርስ አስፒሪን መርፌውን አይከለክልም፤ አሜሪካ ውስጥ ለልብ የሚታዘዘው ትንሹ 81 ሚሊግራም ነው። ከዚያ የጠነከረ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያም ሆነ ይህ ከልብ ሐኪምዎ ጋር ሳይነጋገሩ ምንም እንዳያቋርጡ።

መቃናቱን በተመለከተ፣ በጥናቶቹ ኮላጅኔዝ የወሰዱት በአማካይ 17 ዲግሪ ያህል ሲሻሻልላቸው፣ ባዶ መርፌ የተወጉት ደግሞ 9 ዲግሪ ገደማ ተሻሽሎላቸዋል። በእርስዎ 45 ዲግሪ ላይ ሲታሰብ፣ ወደ 28 ወርዶ ግንኙነት ሊያስችል ይችላል፤ ቀጥ ይላል ብሎ ቃል የሚገባልዎትን ሰው ግን ይጠራጠሩ። ሕክምናው እስከ አራት ዙር ሲሆን በየዙሩ መካከል ስድስት ሳምንት ገደማ አለ፤ ከአንዱ ዙር በኋላ ጉብጠቱ ከ15 ዲግሪ በታች ከወረደ ቀሪው አያስፈልግም። በየዙሩም ለጉዳት መጋለጥ ስላለ፣ ለውጡ የበቃዎት መስሎ ከታየዎት ለማቆም መጠየቅ መብትዎ ነው።

ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የዩሮሎጂስቱን የማታና የሰንበት ስልክ ቁጥር ይያዙ። ድንገተኛ ክፍል መሄድ ካለብዎም ኮላጅኔዝ መወጋትዎንና የተወጉበትን ቀን በመጀመሪያ ይናገሩ፤ ከዚህ መርፌ በኋላ የሚታየው ብልዘት ስብራት ስለሚመስል፣ ያንን የማያውቅ ተረኛ ሐኪም ቶሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ሊያስብ ይችላል።