የኮሊስቲንና የሜሮፔኔም ቼከርቦርድ ውጤት ለምን ይዋዥቃል?

ጠያቂ፦
ካርባፔኔምን (የሜሮፔኔም ወገን የሆኑ አንቲባዮቲኮችን) በተላመደ አሲኔቶባክተር ባውማኒ የተባለ ባክቴሪያ ላይ ኮሊስቲንን ከሜሮፔኔም ጋር በቼከርቦርድ (ሁለት መድኃኒቶች በተለያየ መጠን በአንድ ፕሌት ላይ ተቀላቅለው የሚፈተሹበት ዘዴ) እየፈተሽን ነው። ለየብቻ ሲለኩ የኮሊስቲን ኤምአይሲ (ዕድገትን የሚገታው ዝቅተኛ መጠን) 2፣ የሜሮፔኔም 32 ሚሊግራም በሊትር ነው። የጥምረቱ የኤፍአይሲ ድምር (የእያንዳንዱ መድኃኒት የጥምረት ኤምአይሲ ለነጠላ ኤምአይሲው ተካፍሎ ሲደመር) ግን በአንዱ ፕሌት 0.5፣ በሌላው 0.75 ይወጣል። ባክቴሪያውም ብሮዙም (ባክቴሪያው የሚያድግበት ፈሳሽ) ያው ነው። የትኛውን ልመን?

ፕሌት አንባቢ፦
ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ኮሊስቲን ከ2 ወደ 0.5 ሲወርድ 0.25፣ ሜሮፔኔም ከ32 ወደ 8 ሲወርድ 0.25፤ ድምሩ 0.5። በሌላው ፕሌት ሜሮፔኔም 16 ላይ ከቆመ 0.25 ሲደመር 0.5፣ ማለትም 0.75 ነው። ልዩነቱ የአንድ ዌል (የፕሌቱ ጉድጓድ) ነው። በማንኛውም የኤምአይሲ ልኬት ደግሞ የአንድ እጥፍ ከፍ ዝቅ ማለት የተለመደ ነው። ተደጋጋፊ ለማለት 0.5 እና ከዚያ በታች፣ ተጻራሪ ለማለት ከ4 በላይ የሚጠየቀውም ለዚሁ ነው። መሃሉ ሁሉ "መስተጋብር የለም" ይባላል፤ 0.75ን "ከፊል ድጋፍ" እያሉ ማሳመር አልወድም። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይድገሙትና መሃለኛውን ውጤት ይያዙ።

አሞላሉንም ይዩ። ዌሉ 100 ማይክሮሊትር ሆኖ ከእያንዳንዱ መድኃኒት 25 የሚገባ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ከሚፈለገው መጠን 4 እጥፍ ሆኖ መዘጋጀት አለበት፤ 2 እጥፍ ካዘጋጁት ንባቡ ሁሉ በግማሽ ይሳሳታል። ባክቴሪያው በሚሊሊትር 1 ሚሊዮን ሆኖ በ50 ማይክሮሊትር ሲገባ መጨረሻው 500,000 ይሆናል። የነጠላዎቹ ኤምአይሲ ከዚያው ፕሌት ይነበብ እንጂ ከሌላ ቀን አይምጣ።

ብሮዝ፦
ኮሊስቲኑ ሰልፌት ነው ወይስ ለመርፌ የሚሰጠው? የመርፌው ኮሊስቲሜቴት በብሮዝ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ኮሊስቲን የሚለወጥ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኮሊስቲን ፕላስቲክ ላይም ይጣበቃል፤ ገጽታው ያልታከመ ፖሊስታይሪን ፕሌት ይጠቀሙ፣ ፖሊሶርቤት 80 ግን አይጨምሩ። ሜሮፔኔምን በዕለቱ ይበጥብጡ፤ ሟሙቶ ሲቆይ ኃይሉ ይቀንሳል።

ጠያቂ፦
ሰልፌት ነው። ሲደጋገም 0.5 ላይ ቢረጋ፣ "ጥምረቱ ይሠራል" ብዬ ለሐኪሙ ላሳውቅ?

ገዳይ ኩርባ፦
አያሳውቁ። ቼከርቦርድ የሚያሳየው ዕድገት መገታቱን እንጂ ባክቴሪያው መሞቱን አይደለም። በ0፣ 4፣ 8 እና 24 ሰዓት በሕይወት ያሉትን ባክቴሪያዎች እየቆጠሩ የግድያ ፍጥነት ይሥሩ፤ በ24 ሰዓት ጥምረቱ ከጠንካራው ነጠላ መድኃኒት በ2 ሎግ (በ100 እጥፍ) ካልበለጠ ድጋፍ አይባልም። ኮሊስቲን ብቻውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጠርጎ፣ በ24 ሰዓት ባክቴሪያው ሲያንሰራራ ማየት የተለመደ ነው፤ ከብዙኃኑ መሃል የተላመዱ ጥቂቶች ይተርፋሉ።

የሜሮፔኔም መጠኑንም ይመልከቱ። ነጠላ ኤምአይሲው 256 ሆኖ ጥምረቱ ወደ 64 ቢያወርደው ቀመሩ ደስ ይለዋል፤ በደም ውስጥ ግን 64ን ለሰዓታት ማቆየት የሚቻል አይደለም። በ2018 የታተመው አይዳ የተባለው ጥናት 406 ሕመምተኞችን በኮሊስቲን ብቻና በኮሊስቲን ከሜሮፔኔም ጋር አነጻጽሮ ነበር፤ ብዙዎቹ ኢንፌክሽናቸው ከዚሁ ከእርስዎ ባክቴሪያ ነው። ሕክምናው ያልሠራላቸው 79 እና 73 በመቶ ሲሆኑ፣ ልዩነቱ በስታትስቲክስ ትርጉም ያለው አልነበረም።

ብሮዝ፦
የድጋፉ አሠራር ሲታወቅ ነገሩ ሌላ ነው። ኤንዲኤም (ካርባፔኔምን የሚቆርጥ ኢንዛይም) ያለው ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ ቢመጣ (አሲኔቶባክተር ላይ ይህ አይሠራም) አዝትሪዮናምን ከሴፍታዚዲም-አቪባክታም ጋር ይፈትሹ፦ ኤንዲኤም አዝትሪዮናምን አይቆርጠውም፤ የሚቆርጡትን ሌሎች ኢንዛይሞች አቪባክታም ይዘጋቸዋል። አራት ቱቦ፣ በእያንዳንዱ 2 ሚሊሊትር ብሮዝ፤ አንዱ ባዶ፣ አንዱ የአዝትሪዮናም ዲስክ (መድኃኒቱን የያዘ ክብ ወረቀት)፣ አንዱ የሴፍታዚዲም-አቪባክታም፣ አንዱ ሁለቱም። የዲስኩ መድኃኒት 30 ደቂቃ በክፍል ሙቀት ይሟሟ፣ በ0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) ከተዘጋጀው ባክቴሪያ 10 ማይክሮሊትር ይጨመር፣ በ35 ዲግሪ ይደር። ሦስቱ ደፍርሰው ሁለቱም ዲስክ ያለበት ብቻ ከጠራ ጥምረቱ ሠርቷል። ባዶው ቱቦ ካልደፈረሰ ግን ምንም አያንብቡ፤ ከባክቴሪያው ጀምረው ይድገሙት።