አባታችን ሆስፒታል ተኝተው የአልጋ ቁስል ወጣባቸው፤ ቅሬታችንን ለማን እናቅርብ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን ስትሮክ መቷቸው ሆስፒታል ተኝተዋል። ግራ ጎናቸው አይታዘዝም። ትናንት ልብስ ስንቀይርላቸው ከወገባቸው ዝቅ ብሎ ቆዳቸው ተልጦ አየን። ተረኛዋን ነርስ ብንጠይቅ «በእኔ ተራ የወጣ አይደለም» አለችን። ጠብ አንፈልግም፤ ዝም ማለት ግን አልቻልንም። ከየት እንጀምር?

አንዲት ነርስ፦ እግዜር ይማራቸው እህቴ። የማን ጥፋት ነው ከሚለው በፊት ቁስሉ ይታይ። ዛሬውኑ የክፍሉን ኃላፊ ነርስ ጥሪና አብራችሁ እዩት። ስፋቱ ተለክቶ ካርዳቸው ላይ ይጻፍ። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ታማሚ ብዙውን ጊዜ በየ2 ሰዓቱ ጎን ይቀየርለታል። የአየር ፍራሽ ቢኖርም ማገላበጡ አይቀርም። ተረከዛቸውንና ዳሌያቸውንም እዩ። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጃችሁ ዳስሱ፤ ከሌላው ቦታ የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠጠረ ካለ ቁስል ሊጀምር ነው። እንዳታሹት፣ ይብስበታል። ከባታቸው ሥር ትራስ አድርጉና ተረከዛቸው ፍራሹን አይንካ።

ቅሬታ አቅርቦ የሚያውቅ፦ በቃል የተነገረ ይረሳል፣ በጽሑፍ አድርጉት። አንድ ገጽ ይበቃል። «ቸል ተባልን» ብቻ ብትሉ ማንም አይሰማችሁም። ቁስሉን በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንዳያችሁት፣ ለማን እንደነገራችሁና ምን እንደተመለሰላችሁ ጻፉ። መጨረሻ ላይ የምትፈልጉትን ለይታችሁ ጠይቁ፦ በየስንት ሰዓቱ እንደሚገላበጡ የሚመዘገብበት ወረቀት፣ ቁስሉን የሚከታተል ሰው። መጀመሪያ ለክፍሉ ኃላፊ፣ መልስ ካጣችሁ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ወይም ለቅሬታ ክፍሉ ስጡ። ግልባጩ ላይ «ደርሶናል» ተብሎ ይፈረምላችሁ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። እናቴ ግን «ቂም ይያዝባቸዋል» ብላ ፈርታለች።

ሌላ አባል፦ ስጋቷ ይገባኛል፤ እኛም ቤት ይኸው ነበር። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ አልጋው አጠገብ ክርክር አይነሳ። ደህና ያደረገችውን ነርስም ደብዳቤው ላይ አመስግኗት፣ እውነት እስከሆነ ድረስ። አባታችሁ መናገር ከቻሉ ደግሞ አስቀድማችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ፎቶ ማንሳትም ሆነ የካርዳቸውን ቅጂ መጠየቅ በእሳቸው ፈቃድ ይሁን።

አንዲት ነርስ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ቁስሉ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ የደብዳቤውን መልስ አትጠብቁ። ተረኛው ሐኪም በዚያው ሰዓት እንዲጠራላችሁ ጠይቁ።