«የሞተ» ወይስ «የጠፋ»? ተናጋሪ ስለሌላቸው የአይሪሽ ቀበልኛዎች

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የሚያወራው አየርላንድ ውስጥ ዛሬ አንድም ተናጋሪ ስለሌላቸው የአይሪሽ ቋንቋ ዘዬዎችና ስለ ድሮ የድምፅ ቅጂዎቻቸው ነው። «የሞቱ ዘዬዎች» ብዬ ጻፍኩና አልዋጥልሽ አለኝ። ድምፃቸው ዛሬም እየተሰማ እንዴት ሞቱ ይባላል? «የጠፉ» ስል ደግሞ «የት ሄደው?» የሚል ይመጣብኛል። «ዘዬ» የሚለውስ ልክ ነው? ጋሼ፣ እርስዎ ቢያብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ካነበብኩ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከቀላሉ ልጀምር። «ዘዬ» ሰፊ ነው፤ የአንድ ሰው ዘዬ አለ፣ የአንድ ደራሲም ዘዬ አለ። አገር ለአገር የሚለያየውን አነጋገር ለመጥራት «ቀበልኛ» ይሻላል። ያንቺ ነገር ከቦታ ጋር የተያያዘ ስለሆነ «ቀበልኛ» በዪ።

ልዩነቱን በድንች ላሳይሽ። በአየርላንድ ደቡብ፣ በመንስተር፣ ድንች «ፕራቲ» ይባላል። በምዕራብ፣ በኮናክት፣ «ፋቲ» ነው። በሰሜን፣ በአልስተር፣ «ፕሬቲ»። «ተመልከት» ለማለት ደግሞ ሦስቱም ጋ ቃሉ ራሱ ሌላ ነው። «እንደምን ነህ» እንኳ በሦስት ዓይነት ይባላል። ቋንቋው ግን አንድ ነው፣ ዛሬም አለ። ኬሪ፣ ኮነማራ፣ ዶኔጎል ብትሄጂ አፋቸውን በአይሪሽ የፈቱ ሰዎች ታገኛለሽ። ተናጋሪ ያለቀባቸው እንደ ታይሮን፣ አንትሪም፣ ላውዝ፣ ቲፐሬሪ ያሉ አውራጃዎች ናቸው። ጽሑፍሽ ላይ ይሄ ጥርት ብሎ ይውጣ። አለዚያ አንባቢ አይሪሽ ጭራሹን የሞተ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ቅጂዎቹ። በ1928 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የአየርላንድ መንግሥት በርሊን ያለውን የፕሩሲያ ቤተ መጻሕፍት የድምፅ ክፍል ጠራ። የክፍሉ ኃላፊ ቪልሄልም ዶገን መጥቶ ከደቡቡ ጀመረ። በ1930 እና በ1931 ረዳቱ ካርል ቴምፕል ምዕራቡንና ሰሜኑን ቀረጸ። ሥራው ሲያልቅ የ17 አውራጃ ሰዎች፣ 136 ያህል ተናጋሪዎች፣ ድምፃቸው ተቀምጧል። ዛሬ የአየርላንድ ሮያል አካዳሚ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል፤ ማንም ገብቶ ይሰማል።

«ቀረጸ» ያልኩትን ልብ በዪ። እኛ ዛሬ ስልካችንን ነክተን «ቀረጽኩ» እንላለን፤ የሚቀረጽ ነገር ግን የለም። እነዚያ ሰዎች ግን የእውነት ይቀርጹ ነበር። ተናጋሪው በቀንድ መሰል ቱቦ ውስጥ ይናገራል፣ መርፌው ሰሙ ላይ ይቆፍራል፣ ከዚያ ወደ ሸክላ ይገለበጣል። አንድ የሸክላ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተረት ማውራት የሚችል ሽማግሌ በዚያች ልክ ቆርጦ መናገር ነበረበት። ለእያንዳንዱ ሰው ቅጽ ይሞላል፦ የት ተወለድክ፣ የት አደግክ፣ አባትህና እናትህ ከየት ናቸው፣ ሥራህ ምንድን ነው።

ይሄ «መቅረጽ» ሌላ ነገርም ያስታውሰኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አየርላንድ ውስጥ ልጅ አይሪሽ እንዳይናገር አንገቱ ላይ ዱላ ይንጠለጠልበት ነበር። «ባታ ስኮር» ይባላል። አንድ የአይሪሽ ቃል ከአፉ ባመለጠው ቁጥር ዱላው ላይ አንድ ምልክት ይቀረጻል። ማታ ምልክቱ ተቆጥሮ ይገረፋል። ብዙ ጊዜ ምልክቱን የሚያደርጉት የገዛ ወላጆቹ ናቸው። ከ1845 ጀምሮ የድንች በሽታ ባመጣው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሲያልቅ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ሲሰደድ፣ ለልጅ እንጀራ የሚያበላው እንግሊዝኛ ነው ብለው አምነው ነበር። አልፈርድባቸውም። ግን እነዚያን ሸክላዎች በሰማሁ ቁጥር ያ ዱላ ይታየኛል።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ እኔ «የጠፋ» እላለሁ። «ሞተ» በር ይዘጋል። «ጠፋ» ግን በአማርኛ ሰፊ ነው። ወዳጃችንን ከስንት ወር በኋላ ስናገኘው «ምነው ጠፋህ?» እንላለን። የጠፋ በሬ ይፈለጋል። መብራት ይጠፋል፣ ይመጣል። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ዶገን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የምርኮኞችን ድምፅ ሲቀርጽ የጠፋውን ልጅ ምሳሌ፣ የሉቃስን፣ ያስነግራቸው ነበር። አየርላንድ ውስጥም ይህንኑ አደረገ፤ ሁሉም አንድ ታሪክ ካወሩ ቃሎቻቸውን ጎን ለጎን ማስተያየት ይቻላላ። ስለዚህ ዛሬ ተናጋሪ በሌለው ቀበልኛ አንድ ገበሬ ጠፍቶ ስለተገኘ ልጅ ሲያወራ ትሰሚያለሽ። ከሸክላው ሽውሽውታ ሥር፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በሚመስል ድምፅ ውስጥ፣ ያ ሰው አለ።

ሌላ አባል፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። እኔ «የሞተ» ነው የምለው። ሸክላ አይመልስም። ቋንቋ ማለት ጠይቀህ የሚመለስልህ ነው። የጠፋውን ልጅ ምሳሌ በታይሮን አነጋገር አገኘን እንበል። የታይሮን እናት ልጇን ስትቆጣ ምን ትል ነበር? ገበያ ላይ ዋጋ ሲከራከሩስ? እዚያ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይሄ የለም። ተረት፣ ጸሎት፣ ዘፈን፣ ምሳሌ፣ በዚህ ያበቃል። «ጠፋ» ካልን ሰው ይጽናናና የቀረውን ይዘነጋዋል ብዬ እፈራለሁ።

ጠያቂዋ፦

ሁለታችሁም ልክ መሰላችሁኝ፣ ተቸገርኩ። «የተዳፈነ»ስ ቢባል? እናቴ ማታ ፍሙን በአመድ ታዳፍነው ነበር፣ ጠዋት ገለጥ አድርጋ እፍ ስትለው ይነሳል።

መልስ፦

ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው፤ ሸክላ አይመልስም። እህቴ፣ «የተዳፈነ» ውብ ቃል ነው። ግን የሚያዳፍን ሰው ነገ ሊያቀጣጥል አስቦ ነው። የታይሮን ሰዎች አስበው አላዳፈኑትም፤ ተናጋሪው እያለቀ ሄደ እንጂ።

ለዚያ ቃል የሚስማማ ሌላ ቦታ አለ። ከአየርላንድ ባሻገር ባለችው በማን ደሴት ማንክስ የሚባል የአይሪሽ ዘመድ ቋንቋ አለ። በ1948 የአየርላንድ የሥነ ቃል ኮሚሽን ሰው ልኮ የመጨረሻዎቹን ተናጋሪዎች ድምፅ በሸክላ አስቀዳ። ከእነሱ አንዱ ዓሣ አጥማጁ ኔድ ማድረል ነበር፤ በ1974 ዐረፈ፣ አፉን በማንክስ የፈታ ከእሱ በኋላ አልቀረም ተባለ። ወጣቶች ግን እሱ በሕይወት እያለ ከእግሩ ሥር ቁጭ ብለው ተምረው ነበር፤ ቅጂዎቹም አሉ። በ2009 ዩኔስኮ ማንክስን «የጠፋ» ብሎ መዘገበው። በማንክስ የሚማሩ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ደብዳቤ ጻፉ፦ ቋንቋችን ከሌለ ታዲያ ይህን የምንጽፈው በምንድን ነው? ዩኔስኮም ምዝገባውን አስተካከለ። ይሄኛው የተዳፈነ ነበር ማለት ይቻላል፤ እፍ ያሉትም እነዚያ ወጣቶች ናቸው።

ለታይሮንና ለቲፐሬሪ ግን ሦስታችንንም የሚያስማማ አንድ አነጋገር ልስጥሽ፦ «ተናጋሪ ያጣ ቀበልኛ»። ማጣትን ይናገራል፣ የውሸት ተስፋ አይሰጥም፣ ሞትም አይፈርድም።

ሌላ አባል፦

«ተናጋሪ ያጣ» ይሁን፣ ተስማማሁ። እህቴ፣ አንድ ቃል ልጨምርልሽ። አይሪሾች ለአነጋገር ቃና «ብላስ» ይላሉ። ትርጉሙ በቁሙ ጣዕም ነው፣ የምግብ ጣዕም። ንግግሩ የሚያምርለትን ሰው «ጥሩ ብላስ አለው» ይሉታል። ጽሑፍሽ ውስጥ ከገጠመሽ «ቅላጼ» ብለሽ አታድርቂው።

ጠያቂዋ፦

ገጥሞኛል! «ቅላጼ» ብዬም ነበር። «ለዛ» አደርገዋለሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አሁን እንዲህ ሆኗል፦ «እነዚህ ሸክላዎች ተናጋሪ ያጡ ቀበልኛዎችን ለዛ ይዘዋል።» ጋሼ፣ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ።