ለጀማሪዎች የድርሰት ወርክሾፕ ከፍተን ሰው እየቀረብን ነው፣ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ጦሳ ስር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደሴ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ወጣት ማዕከል ውስጥ አንድ ክፍል ለምነን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ለጀማሪዎች የድርሰት ወርክሾፕ ጀምረናል፣ በነጻ ነው፣ እድሜ አንከለክልም። የመጀመሪያው ቅዳሜ 22 ሰው መጥቶ ወንበር አልበቃ ብሎን ከሻይ ቤት ተዋስን፣ በሁለተኛው 15፣ ያለፈው ሳምንት 8። አሰራራችን መጀመሪያ አንድ ሰዓት እኛ ስለ ሴራ ስለ ገጸ ባህሪ ስለ ግጭት ምናምን እናስተምራለን፣ ከዛ ቤታቸው ጽፈው የመጡትን ያነባሉ፣ ሌላው ኮሜንት ይሰጣል። ግን ጽፎ የሚመጣው ሁሌ ያው ሶስት ልጅ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስለ አያቷ የጻፈችውን አነበበች። ገና ሳትቀመጥ አንዱ "ይሄ እኮ ታሪክ አይደለም፣ ሴራ የለውም" አላት፣ ሌላው የፊደል ስህተቷን እየቆጠረ ነገራት። ማስቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ዝም አልኩ። ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ከአይኔ አልጠፋ አለኝ። ወርክሾፑ እንዲቆም አልፈልግም። እንዲህ አይነት ነገር የሰራችሁ ካላችሁ በደንብ አስረዱኝ።

ማለዳ፦
እኔ እንደዛ አይነት ቦታ ሄጄ የቀረሁ ሰው ነኝ፣ ስለዚ በቀረው ሰው በኩል ያለውን ልንገርሽ። ሁለት ሳምንት ሌሊት ሌሊት የለፋሁበትን ታሪክ አንብቤ እንደጨረስኩ የመጣልኝ ጥያቄ "ምን ለማለት ፈልገህ ነው?" የሚል ነበር፣ እኔ ደግሞ ምን ለማለት እንደፈለግኩ ገና እየፈለግኩት ነበር። መልስ አጣሁ፣ ሁለተኛ አልሄድኩም፣ ለአራት አመት ያህልም አልጻፍኩም። ያን ቀን አንድ ሰው "እቺ ያልካት ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረች" ቢለኝ ኖሮ በሚቀጥለው ሳምንት ቀድሜ የምገኘው እኔ ነበርኩ። ስለዚ የመጀመሪያውን አንድ ወር ፍርድ ከልክይ። አንባቢው ሲጨርስ እያንዳንዱ ሰው የቀረበትን አንድ ቃል ወይ አንድ ምስል ብቻ ይናገር፣ ሌላ የለም። ልጅቷን ደግሞ ዛሬውኑ ፈልጊያት እህቴ። ይቅርታ ብቻ ሳይሆን ከጻፈችው ውስጥ የትኛው እንዳልረሳሽ ለይተሽ ንገሪያት።

የቆጠራ ልጅ፦
ጎጃም ውስጥ ሶስት አመት ቅኔ ቤት ነበርኩ፣ ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ እሱ ነው። ቅኔ ቤት ጀማሪውን ሁሉንም አይነት ቅኔ ካላወቅክ አይሉትም፣ የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት (ሁለት ስንኝ ማለት ነው) ብቻ። ተማሪው ቆጠራ ይወጣል፣ ቅኔ ሊያዘጋጅ ማለት ነው፣ ዛፍ ስር ወይ ድንጋይ ላይ ብቻውን ይቀመጥና ያለ ወረቀት በሀሳቡ ይቆጥራል፣ ከዛ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ የኔታም ያርማሉ። እርማቱ አንዳንዴ ጠንካራ ነው፣ አልዋሽሽም፣ ግን አጠገብህ ያለው ጓደኛህም በዛው ቀን ያንኑ አይነት ሲቆጥር ውሏል፣ ስለዚህ ማንም ማንንም ከላይ ሆኖ አያይም። እናንተ ጋር ሶስት ሰው ይጽፋል አምስት ሰው ይፈርዳል፣ ችግሩ እዛ ላይ ይመስለኛል። የአንድ ሰዓቱን ትምህርት ወደ አስር ደቂቃ አውርዱትና ሁሉም ሰው እዛው ክፍል ውስጥ 15 ደቂቃ ይጻፍ፣ አንቺም ጓደኞችሽም ጭምር። አጭር ይሁን፣ አምስት መስመር ይበቃል። ያልጻፈ ሰው አስተያየት አይሰጥም በሉ።

ጡረተኛ መምህርት፦
ልጄ፣ 31 ዓመት አማርኛ አስተምሬ ነው የወጣሁት። ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን "ጻፉ" ብቻ ብትያቸው ሁሉም ስለ ፍቅር፣ ስለ ሀገር፣ ስለ ናፍቆት ነው የሚጽፉልሽ፣ እነዚህን ቃላት ለአንድ ቀን ከልክያቸው። "ዛሬ ከቤት ስትወጡ መጀመሪያ ያያችሁት ሰው እጁ ላይ ምን ይዞ ነበር?" ብለሽ ጀምሪ። ናፍቆቱ በዘንቢሉ በኩል ራሱ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ግጥም ለሚወዱት ደግሞ የወል ቤትን አሳዪያቸው። አንዱ ስንኝ 12 ቀለም፣ ማለትም 12 የድምፅ ምት ነው፣ ስድስት ላይ ያርፍና ስድስት ይቀጥላል። ሳድሱ ድምፅ አልባ ሆኖ ከፊቱ ካለው ጋር ከተዋጠ ለብቻው አይቆጠርም። ጠረጴዛ በእጃቸው እየመቱ ይቁጠሩት፣ ህጻን አዋቂ ሳይል ሁሉም ይወደዋል። አብዛኛው ጀማሪ መጨረሻው ላይ ቤት ከመታ ግጥም የሆነለት ይመስለዋል፣ መሀሉ ግን እየተንገዳገደ ነው።

ሌላው፣ ጸሐፊው ራሱ አያንብብ፣ ሌላ ሰው ያንብብለት። የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ስንቱ ሰው ነው መጽሐፉን ሳይገልጥ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ የወደደው! የራስን ጽሁፍ በሌላ ሰው አንደበት መስማት ሌላ ነገር ነው። አንባቢው የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ጸሐፊው ራሱ ምልክት ያደርጋል፣ ማንም "ስህተት ነው" ማለት አይጠበቅበትም። የፊደሉን ነገር፣ የሀ እና የሐን፣ የሰ እና የሠን፣ ለመጨረሻ ተዪው።

ፒያሳ፦
እኔ ትንሽ ልለይ። ፍርድ መከልከሉ ለአንድ ወር ጥሩ ነው ግን ከዛ በላይ ከቀጠለ ጠንከር ያለ ኮሜንት የሚፈልጉት ልጆች ይሄዱባችኋል። እነዛን ሶስት ልጆች አትርሷቸው፣ በሌላ ቀን ለብቻቸው አግኟቸውና ጽሁፋቸውን መስመር በመስመር ስሩላቸው። ደግሞ መድረክ እና ወርክሾፕ አይቀላቀል። አዲስ አበባ ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ስሄድ የሚቀርበው ያለቀ ስራ ነበር፣ ሰው አጨብጭቦ ይሄዳል፣ ደስ ይላል። የናንተ ክፍል ውስጥ ግን ገና ያላለቀ ነገር ነው የሚነበበው፣ ይሄን መጀመሪያ ቀን ግልጽ አድርጉት።

ጦሳ ስር፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። መምህሬ፣ እርስዎን በተለይ። ትናንት ሞከርነው። የመጣው 9 ሰው ነው፣ ብዙ አይደለም፣ ግን ዘጠኙም ጻፉ። አንድ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር አሉ፣ እስከዛሬ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ከመስማት በቀር ቃል አይወጣቸውም ነበር፣ ሐረጎን ሲወርዱ ፍሬን እምቢ ያላቸውን ቀን በስድስት መስመር ጻፉት፣ ጓደኛዬ ሲያነብላቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። "እጅዎ መሪው ላይ" የሚለው ቃል ሶስት ሰው ላይ ቀርቷል።

ልጅቷን ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጠብቄ አገኘኋት። አያቷ ባዶ ድስት ከድነው ለእንግዳ "አለ፣ አለ" የሚሉበትን ቦታ እንዳልረሳሁት ነገርኳት፣ ዝም ብላ ሰማችኝና ሄደች። ቅዳሜ መጣች። እንዲነበብ አልፈለገችም፣ ስትወጣ ግን ወረቀቱን እጄ ላይ አድርጋው ሄደች። ለናንተ እንዳሳያችሁ ዛሬ በስልክ ፈቅዳልኛለች፦

አያቴ ስትፈጪ ድምፅሽን ሰማሁት፣
ቃሉ ጠፍቶኝ እንጂ ዜማውንማ ያዝኩት።

መምህሬ፣ ጠረጴዛ ላይ እየመታሁ ቆጠርኩት፣ ስድስት ስድስት መጣልኝ። ልክ ነኝ?